ለሻይ የተለቀመው ጭራሮ ሲራመድ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ የሆነ ሰው ስልኩ እረፍት አልነበረውም። የበረሃ አንበጣው ቆላማዎቹን ወረዳዎች እያመሰ ነው። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ጤፉም ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይኖራል። በአንድ ቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው ከሚመገበው ጋር ይስተካከላል። ይህን ቁጥር ሥልጠና ላይ ሰምተነዋል። ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ማሳውን ለማዳን የሚሮጥ ገበሬ ፊት ስትቆም ግን ቁጥሩ ከአእምሮህ ይጠፋል። የምታየው ፊቱን ብቻ ነው።

ሰው ክፉኛ ደንግጦ ነበር። በዚያ ሰሞን ስድስት እግር ያለው ነገር ሁሉ አንበጣ ሆነ። ፌንጣውም አንበጣ፣ ጥንዚዛውም አንበጣ። በዚህ ማንንም አልወቅስም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጣርማበር ቁልቁለት በታች ካለ የችግኝ ጣቢያ ተደወለ።

«አዲስ ዓይነት ኩብኩባ ገብቶብናል። ክንፍ የለውም፣ እንጨት ነው የሚመስለው። ኬሚካል በጥብጠናል፣ ልንረጭ ነው» አለኝ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ እባክዎ እስክደርስ ይጠብቁኝ» አልኩት።

ጊዜው ጥቅምት ነው። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ማር የሚቆረጥበት ወቅት ነው፤ የጣቢያው አጥር ጥግ ደግሞ የጎረቤት ገበሬ ቀፎዎች አሉ። ማላታይን የሚባለው የተባይ መርዝ ንብና አንበጣ አይለይም። አበባ ላይ ካረፈ፣ ቀሳሚዋ ንብ ወይ እዚያው ትቀራለች፣ ወይ መርዙን ይዛ ቀፎዋ ትገባለች። አንበጣ ሰብል ላይ ካረፈ ይህን ጉዳት እያወቅን እንረጫለን፤ አማራጭ የለማ። ያልታወቀ ነገር ላይ ግን ለምን?

ስደርስ አንድ ወጣት መርጫውን በጀርባው አዝሎ ቆሟል። አፉና አፍንጫው ላይ ነጠላ ጠምጥሟል፤ ጓንት የለውም። በመጀመሪያ መርጫውን አስወረድኩትና እጁን በሳሙና አስታጠብኩት። ከዚያ «የታለ?» አልኩ።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የየራሱ መልስ ነበረው። ዘበኛው ከብት ከበላው ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል አለ። አንዱ ይናደፋል አለ። ኃላፊው በኩብኩባነቱ ጸንቷል። ወፍራም የፕላስቲክ ወንፊት ደፍተውበት ዙሪያውን ቆመዋል።

ያገኙት ለሠራተኞቹ ሻይ የሚያፈሉት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ከአጥሩ ሥር ጭራሮ ስለቅም ነው። አንዱ ጭራሮ ከእጄ ላይ ተነሥቶ ሄደ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፦ «ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው። አንዴም አልዘለለም። ብቻውን ነው። ችግኙን ዞሬ አየሁ፣ አንድም ቅጠል አልተነካም። ኩብኩባ እንዲህ ነው እንዴ?»

ከእኔ በፊት ምርመራውን ጨርሰውታል። አይዘልም፣ መንጋ የለውም፣ ጉዳት አላደረሰም። ማንም ስላልጠየቃቸው ግን ዝም ብለው ነበር።

ወንፊቱን አነሣሁት። ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ያንሳል። ግራጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው፤ ሰውነቱ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ አንጓ አንጓ አለው። ሁለቱን የፊት እግሮች ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ዘርግቷቸዋል። ጭንቅላቱን ለማግኘት ትንሽ መፈለግ ነበረብኝ። የፊት እግሮቹ ከሥራቸው ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላሉ፤ ጭንቅላቱ በዚያች ክፍተት ልክ ተሸጉጧል። እፍ ስልበት ከግራ ወደ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ነፋስ የነካው ቅርንጫፍ ለመምሰል ነው እንዲህ የሚያደርገው። ወጣቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ እናቲቱ ግን ጠጋ አሉ።

«ጭራሮ መሰል ነፍሳት ነው» አልኩ። «ቅጠል በል ነው፤ የሚወጣው ሌሊት ነው። ቀን እንዲህ ደርቆ ይውላል።»

ኃላፊው በቀላሉ አልተረታም፤ ደግ አደረገ። ስለዚህ አንድ በአንድ አየነው። ኩብኩባ ቢሆን የኋላ እግሩ ጭኑ ወፍራም ነው፣ የሚዘለውም በሱ ነው። የዚህኛው ስድስቱም እግር እኩል ቀጫጭን ነው። የፊት እጆቹን አጥፎ የሚጸልይ የሚመስለው ነፍሳት ቢሆን፣ እጆቹ እሾሃማ ናቸው፣ ሌላ ነፍሳት ይይዝባቸዋል፤ ጭንቅላቱም ሦስት ማዕዘን ሆኖ ዞር ዞር ይላል። የዚህኛው እግር ላይ የሚይዝበት ነገር የለም። ቅርንጫፍ የሚመስል አባ ጨጓሬም አለ፤ እሱ ግን እግሮቹ ከፊትና ከኋላ ጫፍ ላይ ናቸው፣ ወገቡን ቀስት አድርጎ ነው የሚሄደው። እንጨት ቆራርጦ በሐር ክር እየሰፋ ቤት የሚሠራ ትል ደግሞ ግራር ላይ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ እሱ ከቤቱ አይወጣም። ኩሬ ውስጥ የሚኖር፣ እንደዚሁ ቀጭን የሆነ አንድ አለ። ከኋላው ረጅም የመተንፈሻ ቱቦ አለው። እሱን በባዶ እጅ አትያዙት፣ ይወጋል።

ይህን ሁሉ ስንል እናቲቱ አንድ ነገር አዩ። «ይቺ እግሩ አጠረች» አሉ። እውነትም የግራ መካከለኛ እግሩ ከቀኙ ታጥራለች፣ ትቀጥናለችም። ወፍ ወይም እንሽላሊት በልጅነቱ እግሩን ይዞት ይሆናል። እነዚህ ነፍሳት ሲያዙ እግራቸውን ጥለው ያመልጣሉ። እድገታቸውን ካልጨረሱ፣ ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር የተጣለው እግር እየበቀለ ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ከድሮው ያነሰ ነው። በመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገር በዓይኔ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ጭራሽ ጉዳት የለውም ትለናለህ?» አለ ኃላፊው።

እንዲያ አላልኩም። አውስትራሊያ ውስጥ የባሕር ዛፍ ደንን፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኦክ ዛፍን ቅጠል እስኪያራቁቱ ድረስ እነዚህ ነፍሳት የተባዙበት ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ መደብ መደቡን ዞርን። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሁሉ ደህና ነው። የተበላ ያገኘነው አጥሩ ላይ ያለውን የዱር እንጆሪ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ቅጠል ከጠርዙ። አጥሩን ስንፈትሽ ሌላ አንድ እንኳ አላገኘንም። አንድ ነፍሳት፣ አንድ ቁጥቋጦ። ለዚህ መርጫ የሚታዘልበት ምክንያት የለም።

ስንመለስ ወንፊቱ ሥር ክብ፣ ጠንካራ፣ ጥቁር ቡኒ የሆነች ነገር ወድቃ አገኘን። ወጣቱ ዘር መስሎት ሊጥላት ነበር። እንቁላል ናት። የዚህ ዓይነቷ ሴት ከዛፍ ላይ እንዳለች አንድ አንዱን ወደ መሬት ትጥላለች፣ አትሸፍነውም፣ አትጠብቀውም። የአንዳንዶቹ ዝርያዎች እንቁላል ጫፉ ላይ ቅባት ያለው ጉብታ አለው። ጉንዳን ዘር መስሎት ጎሬው ድረስ ይወስደዋል፣ ጉብታውን በልቶ እንቁላሉን ይተወዋል። በበርካታ ዝርያዎች ደግሞ ሴቷ ያለ ወንድ እንቁላል ጥላ ይፈለፈላል። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «የአምላክ ሥራ!» አሉ። ሌላ ምን ይባላል?

የቀረው ጣጣ የተበጠበጠው ኬሚካል ነው። ወንዝ ዳር ይደፋ የሚል ሐሳብ መጣ፤ በፍጹም አልኩ። ያ ወንዝ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ ሰውም ይቀዳዋል። በዚያው ዕለት አንበጣ ያረፈበትን ማሳ ወደሚረጭ ቡድን ወሰድነው። ለወጣቱም ጓንትና ማስክ ከዚያው ቡድን ተገኘለት። ነፍሳቷን እናቲቱ ራሳቸው እንጆሪው ላይ መለሷት።

ከዚያ በኋላ የጣቢያው መጋዘን በር ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ ማሰሮዎች ተቀመጡ። ሐሳቡ የኃላፊው ነው። ያልታወቀ ነፍሳት ያገኘ ሰው፣ ከተገኘበት ቅጠል ጋር ማሰሮ ውስጥ ይጨምረዋል፤ የት፣ መቼ፣ ስንት እንደነበረ ይነግራል፤ ከዚያ ይደወልልኛል። ነፍሳትን ለመለየት የተገኘበት ቅጠልም ብዙ ጊዜ ይረዳል። መጀመሪያ የሚያዩት ሻይ የሚያፈሉት እናት እንዲሆኑ ለኃላፊው ነገርኩት፤ እሱም ተቀበለ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጎረቤት ገበሬ ሽምብራ ከነቅርንጫፉ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ አመጣ። እናቲቱ አይተው «ይሄኛው ፍሬውን በስቶ ገብቷል፣ ቶሎ ድረስ» ብለው አስደወሉልኝ። የሽምብራን ፍሬ በስቶ የሚበላው ጓይ ትል ነበር። በማግሥቱ በጠዋት ማሳው ላይ ነበርን፤ ዙሪያው ያሉትን የሽምብራ ማሳዎችም አብረን አሰስን።