የኤንጅልፊሿ አመል

ዛሬ ከሥራ መልስ ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም ያለው የባሕር እንስሳ) ከማኖርበት አኳሪየም ፊት ተቀምጬ አመሸሁ። በቅርቡ ያስገባኋት ፍሌም ኤንጅልፊሽ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ገላዋ ላይ ጥቁር ቋሚ ሰንበሮች ያሏት፣ አድጋም ከ10 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ዓሣ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ስትለቅም ቆየችና ድንገት ወደ ሥጋማው ኮራል ዞራ ጠርዙን ነከስ አደረገችው፤ ኮራሉም ወዲያው ተኮማተረና ነጭ አጽሙ በጎን በኩል ብቅ አለ። ሻጩ «ኮራል አትነካም» ብሎኝ ነበር፤ በዚህ ወገን ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥን ሰው ግን ድሮም አላምንም።

ትልልቆቹ ኤንጅልፊሾች፣ ለምሳሌ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚያድገው ኢምፐረር፣ በባሕር ውስጥ በአብዛኛው ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳና ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ሌሎች እንስሳትን ስለሚመገቡ ከኮራል ጋር ማኖር አስቸጋሪ ነው፤ የትንንሾቹ አመል ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። ጄኒካንተስ የተባለው የኤንጅልፊሽ ወገን ዝርያዎች ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን (ፕላንክተን) ስለሚበሉ ኮራልን እምብዛም አይነኩም፤ የሚፈልጉት ሰፊ ገንዳ ግን የእኔን ቤት አያውቅም። ለጊዜው አልጌና ስፖንጅ ያለበትን ምግብ በቀን ደጋግሜ በጥቂት በጥቂቱ ልሰጣት ወስኛለሁ፤ መንከሷን ካልተወች የምትዛወረው እርሷ እንጂ ኮራሉ አይደለም።