9 ሰዓት ሲሆን

ስልኬ ላይ በየጠዋቱ ምክር አይጠፋም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሺ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጊ፣ ነፍስሽን አድምጪ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአንድ በኩል ካውያው፣ በሌላ በኩል የስፌት መኪናው፣ ደጃፉ ላይ ወደ እንጦጦ እያቃሰተ የሚወጣው መኪና፤ ጸጥታውን ከየት ላምጣው?

"ሥራም ጸሎት ነው" የሚሉኝም አሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና አልስማማም። ጠርዝ ስቀመቅም ሐሳቤ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ አለዚያም ቀብድ ከፍላ በዚያው በጠፋችው ደንበኛ ላይ። እኔን የጠቀመኝ ሥራውን ማቋረጡ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን፣ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ያለውን ይዛ፣ ቀንና ሌሊቱን በሰባት የጸሎት ጊዜ ከፍላዋለች። የሰዓት አቆጣጠራችን ያው የመጽሐፍ ቅዱሱ ስለሆነ መደመር መቀነስ የለበትም፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት 9 ሰዓት የእኔ ግድግዳ ላይ ያለው 9 ሰዓት ነው። ሰባቱንም አደርሳለሁ ብዬ አልዋሽም። የያዝኩት ዘጠኙን ነው።

በተለይ በዐቢይ ጾም። ለእኛ ለሰፊዎች ጾሙ ዋናው የሥራ ወቅት ነው። 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የምትሞሸረው ሁሉ ቀሚሷን የምታሰፋው ያኔ ነው። የበዓሉ ልብስ ደግሞ በላዩ አለ። ሸማኔው ጥበቡን ያመጣል፣ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ትመጣለች፣ እናትየው ወገቡ ይጥበብ፣ አይ ይስፋ ይላሉ። እኔ እህል አልቀመስኩም። ወደ 8 ሰዓት ተኩል ግድም ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል፤ በምራቄ አረጥበዋለሁ (ምራቅ ጾም አያስገድፍም)፣ እስተዋለሁ፣ እንደገና አረጥበዋለሁ። ደንበኛ የምገላምጠው በዚያች ሰዓት ነው።

9 ሲሆን እግሬን ከመርገጫው አነሣለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። አባታችን ሆይ፣ ከዚያ 41 ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን)። መቁጠሪያ ሱቅ ውስጥ አልይዝም፣ ቁርጥራጩ መሐል ይጠፋብኛል። በአውራ ጣቴ የአራቱን ጣቶቼን አንጓ እቆጥራለሁ፤ አንዱ ዙር 12፣ ሦስት ዙር 36፣ አምስት ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ሠላሳ ስድስቱ አብዛኛውን ጊዜ በአፌ ብቻ ነው የሚያልፉት። ልቤ የሚመጣው አምስቱ ላይ ነው።

ባለፈው ጾም እንዲሁ አድርሼ ስወጣ አንዲት ሙሽራ ቀሚሱን እንደለበሰች ቆማ ነበር። ቅድም ወገቧን ብቻ ነበር ያየሁት። አሁን እጆቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። መርፌዬን ሰካሁና ወንበር ሰጠኋት። እናቷንም "እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ትረፍ፤ ወገቡ የትም አይሄድም" አልኳቸው።

አጠገቤ ክርና ዚፕ የሚሸጠው ሙስሊሙ ጎረቤቴ እንደኔ አይጨናነቅም። አዛን ሲሰማ ደንበኛ ቢቆምም "እስቲ ሱቁን አየት አድርጊልኝ" ብሎኝ ውልቅ ነው። "አስር" የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላቱ ከእኔ ዘጠኝ ትንሽ ቆይቶ ስለሚመጣ አንጋጭም፤ እኔ ስቆም እሱ ያይልኛል፣ እሱ ሲሄድ እኔ። ሰው ይታዘበኛል ሳልል መነሣትን የተማርኩት ከእሱ ነው።

የሠርኩን፣ የማታውን ጸሎት ግን እስካሁን አልቻልኩበትም። 11 ሰዓት ማለት ሰው ከሥራ እየወጣ ለልክ የሚመጣበት ሰዓት ነው፤ ሱቋ ትሞላለች። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው ሳቁና "መጀመሪያ ዘጠኙን አጽኚ፤ የሠርኩን ከፋሲካ በኋላ እንነጋገርበታለን" አሉኝ።