የዕቁብ ብር፣ ኤርፎንና የአባቴ በገና

የዕቁቡ ዕጣ ጥቅምት ላይ ወጣልኝ። 14 ሺህ ብር። እህቴ ወዲያው "ጋቢ ግዢበት፣ የኅዳር ውርጭ መጣልሽ" አለችኝ። ደብረ ብርሃን ለኖረ ሰው ይሄ ትክክለኛ ምክር ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዙር ስጥል ጀምሮ ብሩን ለምን እንደምፈልገው አውቅ ነበር። ደህና ኤርፎን ልገዛ ነው። የሰማሁበትን የማምነው ኤርፎን።

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ውጭ ባጃጅ አለ። ረዳቶች "አዲስ አዲስ አዲስ!" ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይጨመርበታል። ማታ ማታ ደግሞ የራሴ ሥራ አለኝ። አባቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። በገና ይደረድራል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ በጣርማ በር በኩል እሄድና እቀዳዋለሁ። አምስት ሁዳዴ ቀድቻለሁ። ለልጆቼ፣ ለእህቴ ልጆች የማስቀምጠው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የቀዳሁትን የአጎቴ ልጅ መኪና ውስጥ ከፈትነው። ከበገናው ሥር "እምምም" የሚል ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ። ፍሪጅ ነው። ጓዳው ውስጥ የነበረው ፍሪጅ! ያንን ቅጂ አንድ ወር ሙሉ ኤዲት አድርጌዋለሁ፣ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ከስልክ ጋር የመጣው ኤርፎን ያንን ድምፅ አያወጣውም። እኔ ደግሞ የማልሰማውን ነገር ላስተካክለው አልችልም። ያን ቀን ነው የወሰንኩት።

የምፈልገው ኢን ኢር ሞኒተር የሚባለውን ነው። ዘፋኞች መድረክ ላይ የሚያደርጉት፣ ገመዱ ከጆሮ በላይ ዞሮ በጀርባ የሚወርደው፣ ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚዘጋው። የመጣውም ከመድረክ ጩኸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄሪ ሃርቪ የሚባል የድምፅ ባለሙያ ለቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን ሠራለት፤ አልቲሜት ኢርስ የሚባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬ ለጆሮ ተለክተው ከሚሠሩት ውስጥ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚወጣባቸው አሉ። እኔ ጋ ያለው 14 ሺህ ብር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ያሰብነው ሁሉ በዶላር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚያንስ ሁላችንም አይተነዋል።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ስህተቱን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ "ባለ 16 ድራይቨር፣ የስቱዲዮ ኤርፎን" ብሎ ለጠፈ። በአንድ ጆሮ ስምንት ስምንት ማለት ነው። ድራይቨር ማለት ውስጡ ያለችው ድምፅ አውጪ ናት። እኔም አንዷ ይሄን ካደረገች ስምንቷ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ አሰብኩ። 6,500 ብር ላክሁ። በመኪና መጣልኝ። ማታ የአባቴን ቅጂ ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ስለ በገና ትንሽ ልበል፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ የበግ አንጀት ነው። አውታሩ ከታች በሚደግፈው እንጨት፣ በርኩማው ላይ፣ በሚያርፍበት ቦታ፣ በመካከላቸው፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዚራዋ በቦታዋ ስትሆን አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ እየነካ ይርገበገባል። ያ እንደ ንብ ጥዝ የሚለው የበገና ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ምት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ከታች ሆድ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ድምፅ፣ ከላይ ደግሞ ቀጭን ጥዝታ። ሁለቱ የአንድ አውታር ናቸው፣ መለያየት የለባቸውም።

በዚያ ባለ 16 ላይ ተለያዩ። ወፍራሙ አንድ ቦታ ቀረ። ጥዝታው ብቻውን ወጥቶ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ዝንብ መሰለ። የአባቴ ድምፅ ከኋላ፣ በግድግዳ ማዶ የሚናገር ይመስላል። "ስ" በሚልበት ቦታ ሁሉ ጆሮዬን ወጋኝ። ሻጩን ደወልኩለት። "የተሸጠ አይመለስም" አለኝ። በቃ።

ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጬ ማንበብ የጀመርኩት። ድራይቨር ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው ዳይናሚክ ነው፤ ማግኔት፣ የተጠመጠመ ሽቦና ስስ ሽፋን ያለው፣ የትልቁ ስፒከር ታናሽ ወንድም። ሁለተኛው ባላንስድ አርማቸር ይባላል፤ ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች ከሚሠራው የጆሮ መሣሪያ የመጣ፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ። ብዙ ድራይቨር አንድ ላይ ሲገባ ይሄኛው ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ያኛው ከፍተኛውን ብለው መከፋፈል አለባቸው። ያ ክፍፍል በደንብ ካልተሠራ የመዘምራን ቡድን ያለ መሪ ማለት ነው፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ጫጫታው ይብሳል። አንድ ብቻ፣ ግን በደንብ የተቃኘ ድራይቨር ይበልጣቸዋል። አሁን ማንም "ስንት ድራይቨር ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ማነው የቃኘው፣ እንዴትስ ተቃኘ የሚለውን ጠይቅ እለዋለሁ። በገናም አውታሩ ስለተቆጠረ አይደረደርም፣ ሲቃኝ ነው።

ዋጋም እንደዚያው ነው። ጄሮን ብሬባርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክቷል። ዋጋቸውና ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጡበት ሚዛን ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በቀረኝ 7,500 ብር ተስፋ አለ ማለት ነው።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ወረድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስልኬ ላይ ሦስት ነገር ጭኜ ነበር። የአባቴ ቅጂ፣ የአንድ ሰርግ ሆይ ሆይታ ሁሉም ሰው በአንዴ የሚያጨበጭብበት፣ እና ሱቃችን ውስጥ የቀዳሁት የባልደረባዬ ንግግር። ዘፈን አልያዝኩም። ዘፈን በጥሩ ስቱዲዮ የተሠራ ስለሆነ በመጥፎውም ኤርፎን ያምራል። የምታውቁት ሰው ድምፅ ግን አይሸነግላችሁም። አባቴ እንዴት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። ትንፋሹ ከተቀየረ ኤርፎኑ ነው የቀየረው።

አንድ ነገር ሱቅ ውስጥ ነቃሁበት። ሻጮች ሊያሳምኑ ሲፈልጉ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሯችን እንደዚያ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሁለት ኤርፎን ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። ዝቅ ብሎም ቃሉ ከተለየ ጥሩ ነው።

ሹር ኤስኢ215 የሚባለውን ኤርፎን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በሁለተኛ እጅ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። 9,000 አለ። ሞከርኩት። ጆሮ ላይ አቀማመጡ ግሩም ነው፣ የመንገዱን ጫጫታ ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። ቤዙ ሞቅ ያለ ነው። ለመድረክ ቢሆን ዓይኔን አላሽም ነበር። ጥዝታው ግን ለኔ ደበዘዘብኝ፣ እንዚራዋ ላይ ጨርቅ የተደረገባት መሰለኝ። ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነው። በዚያ ላይ ስሙ የታወቀ ሞዴል ስለሆነ ቅጂው ብዙ ነው፣ ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ያሰጋል። አመስግኜው ሄድኩ።

ሙንድሮፕ አሪያ የሚባለውን ኤርፎን የሰማሁት ከአንድ የድምፅ ባለሙያ ተውሼ ነው። ወደድኩት። ሱቅ ግን አልተገኘም።

የገዛሁት ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ የሚባለውን ነው። በውጭ ገበያ 20 ዶላር ገደማ ነው። በአንድ ጆሮ አንድ ዳይናሚክ ድራይቨር፣ 10 ሚሊ ሜትር። በ4,200 ብር አዲስ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት። አባቴን ከፈትኩ። መጀመሪያ የሰማሁት በገናውን አይደለም፤ ከመጀመሩ በፊት ጋቢውን ሲያስተካክል። ከዚያ ወፍራሙና ጥዝታው አንድ ላይ መጡ፣ ከአንድ አውታር። ከሥራቸው ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ፍሪጁ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ "አገኘሁት!" አልኩ፤ ልጁ ገንዘብ የጠፋብኝ መስሎት ደነገጠ።

ገመዱ ይነቀላል፤ ሁለት ቀጫጭን ፒን ነው። ይሄን በጣም አስቡበት። ኤርፎን ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ገመዱ ነው፣ ጃኩ ሥር። የሚነቀል ከሆነ ገመድ ብቻ ትቀይራላችሁ። ብሉቱዝ ለኔ ሥራ አይሆንም፤ ድምፁ ስለሚዘገይ የሙሽራዋ አፍና ቃሏ አይገጥሙም።

አሁን ከምንም በላይ ልናገር የምፈልገው ስለ ጎማው ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባለ ይመጣል። አብዛኛው ሰው የተገጠመውን እንዳለ ያደርገዋል፣ ከዚያ "ቤዝ የለውም" ይላል። ጎማው ጆሮን በደንብ ካልዘጋ ቤዙ በክፍተቱ ይወጣል፣ ያልቃል። እኔ ቀኝ ጆሮዬ መካከለኛ፣ ግራው ትንሹን ነው የሚፈልገው። ይሄን ሳላውቅ ሰላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። መፈተኛው ቀላል ነው። አድርጋችሁት፣ ሙዚቃ ሳትከፍቱ፣ "እምም" በሉ። ድምፃችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ በሁለቱም በኩል እኩል ከተሞላ ገጥሟል። በአንድ ወገን ከሳሳ ጎማ ቀይሩ። በቀረው ብር የስፖንጅ ጎማ ጨመርኩ፤ ጣት ላይ ተጨምቆ ጆሮ ውስጥ የሚነፋው። የመናኸሪያው ጩኸት ግማሹ ቀረልኝ። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። የኔ የሥራ ሳምንት ከዚያ አያንስም። ጆሮዬ እንጀራዬ ስለሆነ ይሄ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ተለጥፏል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ግራው ጠፋ። ጨርሶ አይደለም፣ ወደ ግማሽ ወረደ። ልቤ ነው የወረደው። ያ ሁሉ ብር! ከዚያ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት በስልክ መብራት አየኋት። ጠል ይዛለች። ሌሊቱን መስኮት ሥር ነበር ያደረ፣ ውጭ ሣሩ ነጭ ሆኗል። የቀዘቀዘ ኤርፎን ሞቃት ጆሮ ውስጥ ሲገባ እርጥበቱ እዚያች ወንፊት ላይ ይቋጠራል፣ ድምፁን ይዘጋል። ጥፋቱ የብርዱ ነው። ደረቅ ጨርቅ ነካ ነካ አደረግሁበት፣ ቀን ሙሉ ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩት፣ ማታ ተመለሰ። ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ግን እንዳታደርጉት። አሁን የማስቀምጠው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ከጫማ ካርቶን የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ጨምሬበት። ጠዋት ደግሞ ከማድረጌ በፊት በመዳፌ ይዤ አሞቀዋለሁ። ደጋ ያላችሁ፣ ሰላ ድንጋይም ሁኑ መሐል ሜዳ፣ ይሄን ልብ በሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ይዤው ወደ መንዝ ሄድኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቀዳሁ፣ አባቴ ጆሮ ላይ ራሴ ገጠምኩለት። የእሱ ትልቁን ጎማ ነው የፈለገው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚያ እጁን አነሳ።

"አቁሚው እስቲ" አለኝ። "ሦስተኛዋ እንዚራ ተንሸራትታለች። ሲደረደር አልሰማኋትም።"

ተነሣ፣ በገናውን ከተሰቀለበት አወረደ፣ ቆዳዋን በጥፍሩ ገፋ አደረጋት፣ አውታሩን መታ። እንደገና ገፋት። መታ።

"በይ እንደገና ቅጂ" አለኝ።