ከብረቱ በር ጀርባ

ባሕር ዳር በ1976ቱ ቆጠራ 54,800 ነዋሪ ነበራት፤ በ1987 96,140፣ በ1999 ደግሞ 155,428 ደረሰች። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ የለም፤ ለ2010 ታስቦ የነበረውም እየተላለፈ ቀረ። ወደ ዘንዘልማና ወደ መሸንቲ መውጫ የበቀሉት ሰፈሮች ብዙዎቹ በ1999ኙ መዝገብ ገና የዳጉሳና የበቆሎ ማሳ ናቸው። ዛሬ ማን እንደሚኖርባቸውና በምን እንደሚተዳደር ለማወቅ ግቢ ለግቢ ማየት ግድ ነው።

ፎቁንና የብረት በሩን አይቶ «ሰፈሩ ሀብታም ሆነ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። መሬቱን ለቆ ካሣ የተቀበለው ገበሬ፣ በማኅበር ቦታ አግኝቶ በደመወዙ ቀስ እያለ የሠራው መምህርና በሰርቪስ ቤት ያለው ተከራይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ገቢያቸው ግን በመጠን ብቻ ሳይሆን በአመጣጡም ይለያያል።

የገበሬውን እንይ። በ1997ቱ አዋጅ 455 የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ 1161 ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ይወስድና በ15 ያባዛል። ማሳው በደህናው ዓመት 40,000 ብር ያስገባ ነበር ብንል 600,000 ብር ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ የሚሰላው ግን በዚያን ጊዜ የእህል ዋጋ ነው። ከጎተራው ይበላ የነበረ ቤተሰብ በማግስቱ ጤፍ ሸማች ይሆናል፤ ዋጋው በናረ ቁጥር የያዘው ብር ያንሳል። ካሣውን ሠርግና ባጃጅ በላው እያሉ ገበሬውን ማማት የተለመደ ነው፤ ከሁለቱ በፊት ግን እህል ሸምቶ ወፍጮ ቤት ለመውሰድ የወጣውን ብር ማየት ያሻል። ጫት ወይም ጌሾ ያለው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፦ በእቅፍ በእቅፍ ስለሚሸጥ ደረሰኝ የለውም፣ ማስረጃ የሌለው ገቢ ደግሞ በ15 ሲባዛም ትንሽ ነው።

ከካሣው የተረፈችውን ይዞ የሰነበተው በአብዛኛው የሚከራይ ክፍል የሠራው ነው። እዚህም መሬቱ ይፈትናል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ አውጥቶ ድንጋይ ካልሞሉት ግድግዳው ይከፈላል፤ የባሕር ዛፉን እንጨት እግር ደግሞ ምስጥ ይጨርሰዋል። ክፍሉ ሲሰነጠቅ ኪራዩም ይወርዳል።

ገቢን በመብራት ሂሳብ ለመገመት የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ በሳምንት 2 ሰዓት ቢጋገር 7፣ በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጋግር ምጣዱ ብቻ 168 ይሆናል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነው፤ ርካሹ እርከን በ50 ያበቃል። ስለዚህ ስድስት ድሃ ቤተሰብ እንደ አንድ ባለጸጋ ይከፍላል፣ በወረቀት ላይም እንደ አንድ ባለጸጋ ይታያል። አንዳንድ አከራይ ለዚህ ሲል «ምጣድ አይቻልም» ይላል። ተከራዩ እንጀራ መግዛት ይጀምራል፣ የራሷ ቆጣሪ ያላት ጎረቤት ደግሞ ጋግራ በመሸጥ ሌላ መተዳደሪያ ታገኛለች። ይህቺ ሴት በየትኛውም የገቢ መጠይቅ ላይ «የቤት እመቤት» ተብላ ነው የምትሞላው።

ቆጠራ ላይ ቤተሰብ የሚባለው አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው። አከራይን «ስንት ቤተሰብ አለ?» ብለው ከጠየቁት ግን የኪራይ ግብር እየታየው «እኛው ነን» ይላል። የሚሻለው በየክፍሉ ደጅ ያለውን የከሰል ማንደጃና ቢጫ ጀሪካን መቁጠር ነው። ማንደጃ በአብዛኛው አይጋሩትም፤ ጀሪካን ግን አንድ ቤት ውኃ የሚጠፋበትን ቀን አስቦ ሦስት አራት ስለሚያስቀምጥ ብቻውን አይታመንም።

ኪራዩን በ12 አባዝቶ የአከራዩ የዓመት ገቢ ነው ማለትም አይሆንም። ዘንዘልማ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ ያለበት ስለሆነ ተማሪ ያከራየ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ባዶ ክፍል ይጠብቃል። ለተማሪ ከሆነ በ10፣ ትምህርት በተቋረጠበት ዓመት ከዚያም ባነሰ ማባዛት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ 12ቱም ይሠራል፤ ለዚህ ነው አከራዮች በትንሽ ብር ዝቅ ብለውም ቢሆን ሠራተኛን የሚመርጡት።