ፓዮኒርን በኤክሴል፦ እስካሁን የደረስኩበት

የጁፒተርን ጨረቃዎች ምሕዋር ማስላት ከጨረስኩ በኋላ ቀጥሎ ምን ልሞክር እያልኩ ሳለ ከእናንተ አንዱ «የፓዮኒርን ነገር አይተኸዋል?» አለኝ። ይኸው ከፋይሉ መላቀቅ አቅቶኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ የናሳ የጠፈር መንኮራኩሮች፣ ፓዮኒር 10 በ1972፣ ፓዮኒር 11 በ1973 ተወነጨፉ። ከፀሐይ ሥርዓት ጨርሰው የሚወጡበትን መንገድ ያዙ። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ግን የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪው ጆን አንደርሰን ነገሩ አልዋጥለት አለው። የፀሐይንም የፕላኔቶችንም ስበት ቆጥሮ፣ የፀሐይ ብርሃን ግፊትን ጨምሮ፣ ሒሳቡ ከመንኮራኩሮቹ ከሚመጣው የሬዲዮ ምልክት ጋር አልገጥም አለ። ሁለቱም ከሚገባው ትንሽ በላይ ይዘገያሉ። አንድ ነገር ወደ ፀሐይ የሚጎትታቸው ይመስላል። በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ይፋ አወጡት።

እንደ እነሱ ወደ ውጭ የሚጓዙት የናሳ መንኮራኩሮች፣ ቮዬጀሮችስ? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። ቮዬጀር አቅጣጫዋን የምትጠብቀው ትንንሽ ሮኬቶቿን ቶሎ ቶሎ እየተኮሰች ስለሆነ እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር በዚያ ይዋጣል። ፓዮኒር ግን እየተሽከረከረች ነው የምትረጋው። ለብዙ ጊዜ ማንም አይነካትም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ፍጥነቷ በየሴኮንዱ የሚቀንሰው በሴኮንድ 0.87 ናኖሜትር ያህል ነው። ከመሬት ስበት ጋር ሲተያይ ከ10 ቢሊዮን እጅ በላይ ያንሳል። ኤክሴል ላይ አስገብቼ አንድ ዓመት ሙሉ ስደምረው ወደኋላ የምትቀረው 435 ኪሎሜትር ገደማ ወጣ። ፓዮኒር 10 በዓመት ከ380 ሚሊዮን ኪሎሜትር በላይ ትጓዝ ነበር። ከዚያ ውስጥ 435ን ለቅሞ ማውጣት! ዶፕለርን (ከሬዲዮ ምልክቱ ድግግሞሽ ለውጥ ፍጥነትን የሚለካውን ዘዴ) ያኔ በደንብ ማክበር ጀመርኩ።

ሰው ሁሉ «ስበት ላይ ያላወቅነው ነገር አለ» ማለቱ አይገርምም። የሜርኩሪ ምሕዋር በመቶ ዓመት 43 ሴኮንድ የማዕዘን (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) ልዩነት አሳይቶ መፍትሔው የመጣው ከአዲስ የስበት ሕግ፣ ከአንስታይን ነው። ለፓዮኒር ደግሞ አንድ አጓጊ ግጥጥሞሽ ነበር። የብርሃንን ፍጥነት ሕዋው በሚሰፋበት የሃብል ቁጥር አባዙት፤ የሚመጣው ከዚያው ከመዘግየቱ ቁጥር ብዙም አይርቅም። እኔ ራሴ ሳሰላው ልቤ ትንሽ መታ።

ግን ስበት ከሆነ ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት። ያንን መጎተት መሬት ላይ ብጨምረው ምሕዋሯ ወደ ፀሐይ 22 ኪሎሜትር ያህል ሊጠጋ ነው። የማርስ ደግሞ 78። የናሳ መንኮራኩሮች ቫይኪንጎች በ1976 ማርስ ላይ ካረፉ በኋላ በሬዲዮ የተለካው ርቀት ይህን ያህል ስህተት በፍጹም አያሳልፍም። ለእኔ የስበቱ ሐሳብ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ጭቅጭቅ ቢቀርም።

የወደድኩት ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። መንኮራኩሯ 241 ኪሎ ያህል ናት። ይህችን ለማዘግየት የሚያስፈልገውን ኃይል በብርሃን ፍጥነት ስታባዙት 63 ዋት ይመጣል። የድሮ የሳሎን አምፑል ማለት ነው! ሙቀት ራሱ የማይታይ ብርሃን ነው፤ ሲወጣ ወደ ተቃራኒው ይገፋል። ፓዮኒር ትሠራ የነበረው በፕሉቶኒየም ሙቀት ነው። ስትነሳ 2500 ዋት ያህል ሙቀት ነበራት። ከዚህ ውስጥ ወደ አንድ ጎን የሚያደላው ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን ሒሳቡ ይዘጋል። ዲሿ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ መሬት ትዞር ነበር፤ ከዚያ ርቀት ወደ መሬት ማለት ወደ ፀሐይ ማለት ነው። ዕቃዎቹ ያሉት ከዲሹ ጀርባ ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት ከፀሐይ ተቃራኒ ይወጣል። ግፊቱ ወደ ፀሐይ ይሆናል።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ግን ዓመታት ፈጀ። ተመራማሪዎቹ ስላቫ ቱሪሼቭና ቪክቶር ቶት ከሌሎች ጋር ሆነው የድሮ መረጃዎችን ለቃቀሙ። ከፊሉ በላቦራቶሪው ደረጃ ሥር በካርቶን የተቀመጠ ማግኔቲክ ቴፕ ነበር። የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት አስልተው በ2012 ውጤቱን አወጡ። ከሙቀቱ የሚመጣው ግፊት ከመዘግየቱ ጋር በስህተት ወሰኑ ውስጥ ይገጥማል። መዘግየቱም ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ነበር፤ ፕሉቶኒየሙ በ87.7 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ የሚጠበቀውም ይኸው ነበር። የስበት ሕግ ለምን እያደር ይደክማል?

ቀጥሎ የያዝኩት መሬትን ታክከው የሚያልፉ መንኮራኩሮችን ነው። ኒር በ1998 ስታልፍ ፍጥነቷ ከሒሳቡ በላይ በሴኮንድ 13 ሚሊሜትር ያህል ጨምሮ ተገኘ። ጁኖ በ2013 ስታልፍ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። የኒርን መንገድ ከሆራይዘንስ (የናሳ የምሕዋር መረጃ አገልግሎት) እያወረድኩ ነው። የፓዮኒርን ፋይል የሚፈልግ ይንገረኝ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ 241ን በሌላ ክብደት ቀይራችሁ ዋቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየት ትችላላችሁ።