መንገዱን የሚጎዳው ክብደት ነው

በካሊፎርኒያ የነዳጅ ታክስ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁሉም የሚያወራው በጋሎን ስለሚጨመረው ሳንቲም ነው። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር ጭኜ ወደ አሪዞናዋ ፊኒክስ እመላለሳለሁ፤ ጉዳዩንም የማየው ከሚዛን ላይ ሆኜ ነው። ባኒንግ አጠገብ ያለው የሚዛን ጣቢያ ስገባ የሚጠብቀኝ ሕግ ግልጽ ነው፦ መኪናው ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ፣ ጥንዱ አክስል (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ) ደግሞ ከ34,000 ፓውንድ መብለጥ የለበትም።

ይህ ገደብ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ለሙከራ ብቻ በተሠራ መንገድ ላይ የጭነት መኪናዎች ያለማቋረጥ ተነዱ። መሐንዲሶቹ ያገኙት ውጤት እስካሁን ይሠራበታል፦ የአክስሉ ጫና እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። እስቲ እናስላው። 4,000 ፓውንድ የምትመዝን የቤት መኪና በአንድ አክስል የምታሳርፈው 2,000 ነው። የእኔ መኪና በጥንዱ ላይ ሙሉ ጭነት ሲይዝ አንዱ አክስል 17,000 ይሸከማል፤ ስምንት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ጉዳቱ ግን ከ5,000 እጥፍ ይበልጣል። በነዳጅ ስንተያይ እኔ በአንድ ጋሎን ስድስት ወይም ሰባት ማይል እሄዳለሁ፣ ትንሿ መኪና 30። የናፍጣው ታክስ ከቤንዚኑ ከፍ ያለ መሆኑ ቢታሰብ እንኳ ይህን የመሰለ ልዩነት ሊሞላው አይችልም።

በ2017 የግዛቱ ምክር ቤት በቤንዚን ላይ 12 ሳንቲም፣ በናፍጣ ላይ 20 ሳንቲም ሲጨምር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የእኛ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ባንዱ ክርክሩ ደርቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፕሮፖዚሽን 6 የተባለ፣ መራጩ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥበት የሕግ ሐሳብ ጭማሪውን ለመሻር፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣውንም የነዳጅና የተሽከርካሪ ታክስ ሁሉ መራጩ እንዲያጸድቀው ለማድረግ ቀረበ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የታክሲ ሹፌር «ልጄ፣ እኛ ሳንጠየቅ አንዲት ሳንቲም መጨመር የለባትም» አሉኝ። ንግግራቸው ልቤን ነካው፤ ባደግንበት አገር ስለ ታክስ አስተያየታችንን የጠየቀን አልነበረምና። ሆኖም «ጋሼ፣ የፌዴራሉ የቤንዚን ታክስ ከ1993 ጀምሮ 18.4 ሳንቲም ላይ እንደቆመ ነው፤ የአስፋልት ዋጋ ግን አልቆመም» አልኳቸው። ፕሮፖዚሽን 6 በኅዳር ወድቋል፤ ከመቶ 57 ያህሉ መራጭ አልተቀበለውም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ገንዘቡ ከትራንስፖርት ውጭ እንዳይውል የሚቆልፈውን ፕሮፖዚሽን 69 በደስታ ደግፌያለሁ። ገንዘቡ የት እንደሚገባ መቆጣጠር የመራጩ መብት ነው።

የሚያንገበግበኝ ምርጫው ስለ ክብደት ጠይቆን አለማወቁ ነው። በ2016 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነዋሪ ለባቡርና ለመንገድ ብሎ በሽያጭ ታክስ ላይ ግማሽ ሳንቲም ጨመረ፤ ከመቶ 71 በላይ ድጋፍ አገኘ። ሥራው አስፈላጊ ነው። ነገር ግን መኪና የሌላት፣ በአውቶቡስ ሥራ የምትሄድ እናት ሳሙና ስትገዛ እኔ ለሰነጠቅኩት አስፋልት ታዋጣለች። ይህ ፍትሕ አይደለም።

አሁን ደግሞ የቤት መኪናውም እየከበደ ነው። ኤሌክትሪኩ ሃመር ከ9,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ነዳጅ ስለማይቀዳ የነዳጅ ታክስ አይከፍልም፤ በምትኩ የሚጠየቀው በ2020 በ100 ዶላር የተጀመረው ዓመታዊ የመንገድ ክፍያ ነው፤ ከ4,000 ፓውንድ በታች ከሆነችው የ2020 ሞዴል ኤሌክትሪክ መኪና ከኒሳን ሊፍ ጋር እኩል! እኛ የጭነት መኪና ባለቤቶች የክብደት ክፍያ አለብን፤ ያም ገንዘብ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በመጣው የበጀት እጥረት ምክንያት ወደ ትራንስፖርት ቦንድ ዕዳ መክፈያ ዞሯል። የተቦረቦረውን አስፋልት ለመጠገን መዋል ነበረበት።

በምርጫ ወረቀት ላይ ማየት የምፈልገው በክብደትና በማይል የሚሰላ ክፍያ ነው፤ ለጭነቱም ለቤት መኪናውም። ማይል መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ኢፍታ በሚባለው የግዛቶች የነዳጅ ታክስ ስምምነት መሠረት በየሦስት ወሩ በየግዛቱ የነዳሁትን ማይል አስመዘግባለሁ። አሪዞና ውስጥ በርካሽ የቀዳሁት ናፍጣ ካሊፎርኒያ መንገድ ላይ ከተቃጠለ የካሊፎርኒያን ታክስ እከፍልበታለሁ። ኦሪገንም ከ26,000 ፓውንድ በላይ የሆኑትን መኪናዎች ለአሥርተ ዓመታት በክብደትና በማይል እያሰላች ስታስከፍል ኖራለች። እንዲህ ከሆነ የእኔ ሂሳብ ይጨምራል፤ አውቃለሁ። የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ በጭነት ዋጋው ላይ ማካካሻ እንደምንጠይቀው ይህንንም ዕቃውን ከሚያስጭነው ድርጅት ጋር ተነጋግረን መጋራት ይኖርብናል፤ ድርድሩም በተለይ አንድ መኪና ብቻ ላለን ሹፌሮች ከባድ ይሆናል።