«ኒት»፣ «ባይክሼድ» እና የጅማው የኮድ ቡድናችን፦ የእስካሁኑ የልምምድ ማስታወሻ

ካለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ትምህርቱ ቀስ እያለ ቀጥሏል፤ አብዛኛውን ምሽት የወሰደብኝ ግን የሀከሮች አነጋገር ነው። ሀከር ስል ባንክ ሰብሮ የሚገባውን ማለቴ አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሞዴል ባቡር ክበብ ውስጥ «ሀክ» ይባል የነበረው ብልሃት የታከለበት ሥራ ነው። ከአባላቱ አንዱ ፒተር ሳምሰን በ1959 የክበቡን ቃላት አሰባስቧል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ራፋኤል ፊንክል በ1975 በስታንፎርድ የጀመረው «ጃርገን ፋይል» የተባለ የሀከሮች ቃላት ስብስብ ደግሞ በብዙ እጆች ሲዳብር ቆይቶ በ1983 በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹን ባታውቋቸው የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ፊደልን በቁጥር እየተኩ የሚጽፉትን «ሊት»ን እኔ ለልጆች ትቼዋለሁ። የሚጠቅሙት የአስተያየትን ክብደት የሚናገሩት ናቸው።

ለልምምድ የምንሠራው የቡና መረከቢያ መዝገብ ነው፤ ገበሬው እሸት ቡና ሲያስረክብ ስሙን፣ ቀኑንና ኪሎውን ይይዛል። በቡድኑ ውስጥ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያም አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የጋሼን ኮድ እንድትገመግም የተመደበችው ተማሪ አስተያየቷን እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን ማረም የእኔ ድርሻ አልነበረም፤ ሥራው በጣም ያምራል…» ከዚያ በኮዱ ውስጥ ስላለ አንድ ተለዋዋጭ (ዋጋ መያዣ) ስም፣ ቀጥሎም ስለ ትርፍ ክፍት ቦታ ጻፈች። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ ገበሬ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቢመጣ ሁለተኛው ሚዛን የመጀመሪያውን እንደሚያጠፋው ጠቀሰች። ጠዋት 40 ኪሎ ያስረከበ ሰው ከሰዓት 10 ቢጨምር በመዝገቡ ላይ የሚቀርለት 10 ብቻ ነው ማለት ነው! ጋሼ ስሙን አስተካከሉ፤ ክፍት ቦታውን ሰረዙ፤ ያችን መስመር ግን ልብ ሳይሏት አለፉ። ነገሩ በሙከራ ጊዜ ሲወጣ «ልጄ፣ ምርቃቱን ተይና ጉድለቱን ንገሪኝ» አሏት።

«ኒት»ን፣ ማለትም የጥቃቅን እርማት ምልክትን፣ ሥራ ላይ ያዋልነው ከዚያ በኋላ ነው። በ«ኒት» የሚጀምር አስተያየት ቢስተካከል ጥሩ፣ ባይስተካከልም ሥራው ያልፋል። ይህ ምልክት የሌለበት ግን ሳይታረም አያልፍም፤ የሚጻፈውም ከሁሉ በፊት ነው። ልጅቷ ዛሬም ጋሼን «እርስዎ» ትላቸዋለች። የተተወው ረጅሙ መቅድም ብቻ ነው።

«ባይክሼድ» (ቃል በቃል «የብስክሌት መጠለያ»፤ በቀላል ጉዳይ ላይ የሚደረግ ረጅም ክርክር) ግን አስቸግሮናል። ሐሳቡ የመጣው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፓርኪንሰን በ1957 ከጻፈው ነው፦ ኮሚቴው የአቶሚክ ኃይል ማመንጫውን ዕቅድ ሳይከራከር ያጸድቅና ስለ ብስክሌት መጠለያው ሲነታረክ ይውላል፤ መጠለያው ለሁሉም ይገባዋልና። በ1999 ፖል ሄኒንግ ካምፕ ፍሪቢኤስዲ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ገንቢዎች በጻፈው ደብዳቤ ቃሉ በፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ ገነነ። እኛም የአዝራሩ ቀለም አረንጓዴ ይሁን ቡናማ ብለን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ስንሟገት ቃሉ በደንብ አገልግሎናል። ችግሩ የመጣው ከቡድናችን አንዱ፣ የገበሬዎቹ ስም በቁቤ ይጻፍ ወይስ በግዕዝ ፊደል የሚለውንም ጥያቄ «ይህ ባይክሼድ ነው» ብሎ ሊዘጋ ሲሞክር ነው። አንድ ሰው ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ፊደል ከተመዘገበ ፕሮግራሙ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሂሳቡም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ቃሉን የሚጠቀም ሰው ጉዳዩ ለምን ቀላል እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ተስማምተናል።

«አርቲኤፍኤም»ን አስወጥተነዋል። መመሪያውን አንብብ ማለት ባልከፋ፣ በመካከሉ የተሰነቀረችው ስድብ ግን ጀማሪን ዝም ከማሰኘት በቀር የምትፈይደው የለም። አሁን የምንልከው የመመሪያውን ምዕራፍና ርዕስ ነው። «ኤልጂቲኤም»፣ ማለትም «ለእኔ ጥሩ ይመስላል»፣ የሚፈቀደውም ምን እንደተሞከረ አብሮ ሲጻፍ ብቻ ነው።

የራሳችንም አነጋገር መብቀሉ አልቀረም። የመጀመሪያውን ዙር ግምገማ አቦል፣ ሁለተኛውን ቶና፣ ሦስተኛውን በረካ እንላለን፤ በረካ ላይ ያልተቋጨ ለውጥ በጽሑፍ መመላለሱ ይቀርና በአካል ተገናኝተን እንነጋገርበታለን። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር ቃላቱን በአንድ ገጽ እየሰበሰብኩ ነው፤ ለእያንዳንዱም ከራሳችን ግምገማዎች ምሳሌ እጨምራለሁ።

የጋሼ ማስተካከያ ቶና ላይ አልፏል፤ አሁን እያንዳንዱ ርክክብ የራሱ ተራ ቁጥር አለው። ቀጣዩ ሥራ መዝገቡን ከኤሌክትሮኒክ ሚዛን ጋር ማገናኘት ነው። ሚዛንን በፓይተን ያነበበ ካላችሁ፣ ቡናው ገና እየተጫነ ሳለ የሚዋዥቀውን ቁጥር እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልኝ።